ማሳሰቢያ የተባለው ክምር

የዚያን ቀን ጠዋት ካርድ ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ ወንበሩ ስለሚቀዘቅዝ ነጠላዬን አጥፌ ላዩ ላይ ያስቀመጥኳት የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ፤ ካርድ የምታወጣው ሴትዮ፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ፤ ገባ ወጣ ስትል የነበረችው፣ መርፌ የምትወጋው ሲስተር፤ በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ጥበቃ፤ ከቆቸሬ፣ ከሬኮ በኩል የስድስት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ የመጣች አንዲት እናት። ሌላ ሰው አልነበረም። እንዲህ ቆጥሬ የምጽፈው በኋላ "ይህ ነገር አልተደረገም" የሚል ሰው ስለመጣ ነው። ያ ሰው እዚያ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ልጄ የልብ ሕመምተኛ ናት። በስምንት ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፤ ሎሚና ማር ሰጥቻት ተሻላት ብዬ ተውኩት። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ። ከዚያ ዳገት ስትወጣ ቆማ መተንፈስ ጀመረች። ሐኪሙ አዳምጦ፣ በማሽን አንሥቶ፣ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም አለኝ። የጉሮሮው ሕመም ነው ወደ ልብ የወረደው አለኝ። ያን የሎሚና የማር ሳምንት እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ሁለት ነገር ታዘዘልን። አንደኛው በየአራት ሳምንቱ መርፌ ነው፤ እሱን እዚሁ ዲላ ጤና ጣቢያ ትወጋለች። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱ ሩቅ ከተማ ባለው ትልቅ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ስሟ ተራ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሐኪሙ ስንወጣ "ተራው ረጅም ነው። እናንተ ብቻ አታቋርጡ። ያቋረጠ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል" አለ። ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። ይህችን አልረሳሁም።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ስለዚህ በኑሯችን የተለወጠ ነገር ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሄጄ ለጤና ጣቢያው እነግር ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ለቅቀን ወደ ጪጩ መውጫ ቤት ስንከራይ ሄጄ ተናገርኩ። የስልኬ ቁጥር ሲቀየር ሄጄ ተናገርኩ። የመርፌው ቀን ከፈተናዋ ጋር ሲጋጭ ከሳምንት በፊት ሄጄ በዋዜማው ብትወጋ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩ። ይርጋጨፌ ለቅሶ ሄደን ቀኑ እዚያ ሲደርስብን እዚያው አስወጋኋትና የተወጋችበትን ወረቀት ይዤ መጣሁ። ሳል ሲይዛት ተናገርኩ። የተሰጣት ክኒን ሲያሳክካት ተናገርኩ። ትምህርት ቤት ሩጫ እንዳያስሮጧት ወረቀት ጻፉልኝ ብዬ ለመንኩ።

ካርድ የምታወጣው ሴትዮ እኔን ስታይ ትስቃለች። "ወይዘሮ ማሳሰቢያ መጣች" ትላለች። ኮምፒውተሯ ላይ የምትጽፍበት ሦስት ቦታ ብቻ ነበራት፤ ቀጠሮ፣ ውጤት፣ ማሳሰቢያ። የእኔ ነገር ቀጠሮም ውጤትም ስላልሆነ ሁሉንም ማሳሰቢያ ውስጥ ትጽፈዋለች። ሌላው ሰው ያለውንም እዚያው ትጽፋለች። ሰው ቀጠሮው ቀን ሳይመጣ ሲቀርም እዚያው ነው፤ ያውም ጊዜ ካገኘች። እኔ በቀልዷ አልከፋም ነበር። የተናገርኩት ተጽፎ ሳየው ልቤ ያርፋል። የተጻፈ ነገር የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

እንጀራዬ ቡና ለቀማ ነው። መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድሬ ተቀምጬ ጥሩውን ፍሬ ከጥቁሩ፣ ከተሰበረውና ከተነቀዘው እለያለሁ። መልእክቱ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እስከ አምስተኛ ክፍል ስለተማርኩ አነባለሁ፤ ደጋግሜ ካላነበብኩ ግን አላምንም። "ታካሚዋ ክትትል ስላቋረጠች ከቀዶ ሕክምና ተራ ተሰርዛለች" ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ሰጠኋት፤ እሷም እንደዚያው አነበበችው። አለቃችን፣ ካቦዋ፣ "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ሰፌዴን አስቀምጬ ወጣሁ።

ልጄ ከአራት ቀን በፊት ነበር የተወጋችው። የተወጋችበት ቦታ ገና ያማት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃውን "አባባ፣ ዛሬ ሲስተም አለ?" አልኳቸው።

"አለ እንጂ። ጌታውም ከላይ ድረስ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ግቢ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ቀን ብዙ አይደለም" አሉኝ።

ሴትዮዋ መልእክቱን ሳሳያት መሳቋን አቆመች። የልጄን ካርድ ከፈተች። ጣቷን እያንቀሳቀሰች ከላይ እስከ ታች አየችው። "አንድም መርፌ አላለፋትም። ይኸው፣ ሁሉም ተጽፏል። በዚህ ጤና ጣቢያ እንደ አንቺ ቀን የሚያከብር ሰው የለም" አለችኝ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረች። እሱ ከጎኗ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል። ጠጉሩ ጣል ጣል ያደረገ ሽበት አለው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ልጄንም "እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ" ብሏታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

"እናት፣ ስህተቱ የማንም አይደለም" ብሎ ጀመረ። "የዚህ ጤና ጣቢያ ሲስተም ቀድሞ ለብቻው ነበር። አሁን ከትልቁ ሆስፒታል ሲስተም ጋር ተገናኝቷል። ከዚህ የሚወጣ መልእክት እዚያ ሲደርስ እነሱ በሚያውቁት ዓይነት መመዝገብ አለበት። የዚህ ቀጠሮ እዚያም ቀጠሮ ነው። ውጤትም ውጤት ነው። ማሳሰቢያ የሚባል ዓይነት ግን እነሱ ጋ የለም።"

"ከሌለ እናንተ ምን አደረጋችሁት?" አልኩ።

ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ መለሰ። ሴትዮዋ "ንገራት እንጂ" አለችው።

"'ክትትል ያቋረጠ' የሚል አላቸው። ማሳሰቢያን ከእሱ ጋር አዛመድነው።"

"እርስዎ ነዎት ያዛመዱት?"

"ስብሰባ ላይ ነው የተወሰነው። ጤና ጣቢያዎች ማሳሰቢያ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲቀር ነው ተባለ። ሁለቱ ሲገናኙ የድሮውም ሁሉ ባንድ ቀን ተላለፈ። እዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያቋረጠ የሚል የተመዘገበበትን ሲስተሙ በራሱ ይሰርዘዋል። የሰው እጅ የለበትም።"

"የልጄ ስንት ነው?"

አየና "ሰባት" አለ።

ሰባቱን አውቃቸዋለሁ። እያንዳንዷን በእግሬ መጥቼ፣ ተራ ይዤ፣ ከሥራዬ ቀርቼ ነው ያስጻፍኳት። ልጄን የሰረዛት የእኔ መቅረት ቢሆን ባለቅስም አንገቴን እደፋ ነበር። የሰረዛት የእኔ መምጣት ነው። ዝም ብዬ ቤቴ ብቀመጥ፣ ቤት ስለቅቅ ባልናገር፣ ብታስልም ብታሳክክም ባልናገር፣ ስሟ ዛሬ ተራው ላይ ይኖር ነበር።

"ከእነዚህ ሰባት አንዱን ያነበበ ሰው አለ?" አልኩት።

"ውስጡ አይነበብም እናት። የሚታየው ዓይነቱ ነው።"

"አንተ" አልኩት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስለው ነበር። "ልናገር የመጣሁትን እኔንና ጠፍቶ የቀረውን ሰው አንድ አደረጋችሁን። ሁለታችንንም ሳታዩ። መጋዘን ውስጥ ሰፌዷን ሳታይ 'ሁሉም ጥቁር ነው' የምትል ለቃሚ በዚያው ቀን ትባረራለች። አንተን ማን ነው የሚያባርርህ?"

ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ሰው ፊት ስናገር ታፍራለች። ጥበቃው ከበሩ ሆነው "ተያት፣ ትናገር፤ ሲስተሙ ጆሮ የለውም፣ እሱ ግን አለው" አሏት።

ከሬኮ የመጣችው እናት እስከዚያ ድረስ ጥጉ ላይ ቆማ ነበር። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፤ በስድስት ዓመቷ መታዘሏ መራመድ ስለሚደክማት ነው። ጠጋ ብላ "ለእኔም መልእክት መጥቷል" አለች። "እኔ አላነብም። የባሌ ወንድም ነው ያነበበው። ስልኩም የሱ ነው። ልጅቷ ከተራ ወጥታለች አለኝ። እሺ አልኩ። ትልቅ ሆስፒታል ያለውን እኛ ምን እንላለን? አሁን የመጣሁት መርፌውም ቀረ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው።"

ይህን ስትል ሲስተር በር ላይ ነበረች። የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። "መርፌው አልቀረም። በምንም እንዳታቋርጪ። ማን ነው ቀረ ያለሽ?" አለቻት።

"ማንም። ፈራሁ ብቻ።"

ካርዷ ወጣ። አራት ማሳሰቢያ አላት። ሴትዮዋ አነበበችላት። መንገዱ በዝናብ ስለተቆረጠ በማግሥቱ መጥታ ተወግታለች፤ ያ አንድ ነው። የባሏ ወንድም ስልክ ተመዝግቦላታል፤ ሁለት። ልጅቷ ከመርፌው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ስላነከሰች ጠይቃለች፤ ሦስት። አራተኛው በእንሰት መፋቂያ ሰሞን ሥራ ስለሚበዛ ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ይሁንልኝ ብላ የለመነችው ነው። አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም።

ባለሙያው የሁለቱንም ልጆች ካርድ ላፕቶፑ ላይ ከፈተ። ከዚያ "ቀላል መፍትሔ አለ" አለ። "ማዛመጃውን እለውጠዋለሁ። ማሳሰቢያ የተባለው በሙሉ 'ጠቅላላ መረጃ' ይባላል። እዚያ ሲደርስ ምንም አያስከትልም። ማንም አይሰረዝም።"

ሴትዮዋ "ተመስገን" አለች። እኔም ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ማታ ማታ ስናወራ የሰማኋቸው ሳይሆኑ፣ እኔ ራሴ የማውቃቸው በእውነት ያቋረጡ ልጆች አሉ። አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አቋረጠች ተብሎ ካልተጻፈ ማን ይፈልጋታል? ትናንት ሁላችንም ጥቁር ነበርን፤ ዛሬ ደግሞ ሁላችንም ነጭ ልንሆን ነው። ቡናው ያለበት ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢለውጡት ውስጡ ያለው ፍሬ አልተለቀመም።

ይህንኑ ነገርኩት። "ስሙን አትለውጥ። ክምሩን ልቀመው" አልኩት።

"ሁሉንም ማንበብ ሊያስፈልግ ነው እኮ።"

"እኛ እያንዳንዷን ፍሬ እናያት የለም እንዴ? አምስተኛ ክፍል ይበቃል ለዚህ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱም ፈገግ አለ፤ ግን ተነሥቶ ሁሉንም ሊያትም ማተሚያውን ከፈተ። ሲስተር ወዲያው ከለከለችው። "የሰው ካርድ ለሌላ ሰው አይነበብም። የራሷን ብቻ ስጣት" አለች። ትክክል ናት። ከሬኮ የመጣችው እናት "የእኔንም ስጧት፣ እኔ ፈቅጃለሁ" አለች። እንግዲህ የእኔ ሰባትና የእሷ አራት፣ አሥራ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

እንደ ሥራዬ አደረግኩ። መጀመሪያ የሚመሳሰሉትን ፈለግኩ። ቤት መቀየርና ስልክ መቀየር አንድ ቦታ። ሌላ ቦታ መወጋትና በማግሥቱ መወጋት አንድ ቦታ፤ መርፌው ገብቷልና። ሳልና ማሳከክና ማንከስ ለብቻ፤ ይህን ሐኪም ማየት አለበት። ቀጠሮ ይቀየርልኝ የሚለው ለብቻ። "ለቀረ ሰው ደግሞ የራሱን ቦታ ተው፤ እኛ ባንኖርበትም የሚኖርበት አለ" አልኩት። እሱም ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ክምር ትልቁ ሆስፒታል ጋ የሚገጥመውን ዓይነት ፈለገ። ለሁሉም አገኘ። ለሁሉም ነበራቸው እኮ። እዚያ ያልነበረው ማሳሰቢያ የሚለው ጆንያ ብቻ ነው።

በእጄ የቀረችው የትምህርት ቤት ሩጫዋ ወረቀት ናት። የትም አልገጠመችም።

ሴትዮዋም ይህችን አይታ "እንዲህ ያለው ሲመጣ የት ልጻፍ? ማሳሰቢያን ከዘጋህብኝ ግድግዳ ላይ ልጻፍ?" አለች። የእሷም ጥያቄ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ፊቷ ቆሞ ያወራል፤ ሁሉ በሣጥን አይገባም።

እኛ ጋ ለቃሚዋ ያልለየችውን ፍሬ ከጥሩውም ከመጥፎውም አታደርገውም። በሰፌዷ ጠርዝ ላይ ታቆየዋለች። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ካቦዋ ትዞርና ታየዋለች። ካቦዋ ሳታየው ወደ ማዳበሪያ አይገባም። ይህን ስነግረው ባለሙያው እስክሪብቶውን አቁሞ ሰማኝ። "ያልተለየ የሚል አንድ ዓይነት አደርጋለሁ። ሰው አንብቦ እስኪለየው ከዚህ ጤና ጣቢያ አይወጣም" አለ። "ማን ነው የሚያነበው?" ስትል ሴትዮዋ፣ ሲስተር "እኔ። ከመውጣቴ በፊት" አለች።

የቀረውን፣ የሌላውን ሕመምተኛ ሁሉ፣ ሲስተርና ሴትዮዋ በሳምንት ውስጥ ለቅመው ጨረሱት ብለውኛል። ከሌላው ጤና ጣቢያ የተላለፈውን ማን እንደለቀመው አላውቅም። ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ሥራው ሳያልቅ ከሬኮ የመጣችው እናት መሄድ ነበረባት። መኪናው ያልፋታል። "ሆነ አልሆነ ንገሩኝ" ብላ ያንኑ የባሏን ወንድም ስልክ አረጋገጠች። ልጇን ስታነሣት ልጅቷ ነቃችና ልጄን አየቻት። ልጄ በሹራቧ ኪስ የያዘችውን ብስኩት ሰጠቻት። ወጡ። እኔ ልሸኛት እንኳ አልተነሣሁም፤ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከትልቁ ሆስፒታል ተደወለልኝ። ልጄ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ምርመራ ሄደን መጥተናል፤ አሁን ቀን እየጠበቅን ነው። የዚያችም እናት ልጅ ተመልሳለች። ነገር ግን እሷም ለምርመራ መቅረብ አለባት፤ ካልቀረበች ተራዋ ያልፋታል፤ ይኼኛው ደግሞ የሲስተም ስህተት አይባልም። ሴትዮዋ በዚያ ስልክ ደጋግማ ደውላለች፤ ዝግ ነው። እናትየዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመርፌም አልመጣችም። ሁለት መርፌ አልፏታል። በአዲሱ ዓይነት "የቀረች" ተብላ ተጽፋለች፤ አሁን እውነት ነው፤ ለዚህ ያበቃናት ግን እኛ ነን። መጀመሪያ ሳትቀር ቀርተሻል አልናት። እሺ ብላ ሄደች።

የሕሙማን ቤተሰቦች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሰብሳቢው "ከተራ የተሰረዘ ታካሚ የለም፤ የተደረገው የቃላት ማስተካከያ ነው" አለ። ተነሥቼ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ አልኩ። "ያ አሁን ትክክል ስላልሆነ አጥፊው፣ እናት" አለኝ። አላጠፋሁትም። ቃል ነበር የተስተካከለው ካለ፣ ያ ቃል ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ የት እንዳለች ይንገረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ሬኮ ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ጠየቅኩ። አንዳንዱ ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች አለኝ፤ አንዳንዱ የባሏ ወንድም ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፣ ስልኩንም ይዞት ሄዷል አለኝ። ቤቱን ያሳየችኝ ሴት ነበረች፤ በሩ በውጭ ተቆልፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሁለት ጊዜ ሄዳ እንዳጣቻት ነገረችኝ።

ስሟን እዚህ መጻፍ አይገባም ብላኛለች ሲስተር፤ የታካሚ ስም ነውና። ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር እናት ናት፤ ልጇ ትንሽ ስትራመድ ቁጢጥ ብላ ታርፋለች። በቆቸሬም ሆነ በዙሪያው ያያት ሰው ካለ፣ ልጅቷ ተራዋ ላይ እንዳለች፣ መርፌውም እንዳልቀረ ይንገርልኝ። ለእኔም ደህና መሆናቸውን በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል በኩል አሳውቁኝ።